ልጃችሁ ሲዛወር ማህደሩ የማይናገረው

ወላጅ ስለ ትምህርት ቤት አደረጃጀት ለውጥ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ምዝገባ ሲደርስ፣ በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ያኔ ዋናው ሥራ አልቋል። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ዩኒት ሊደሮቹና የሪከርድ ሠራተኛዋ ሮስተር ዘርግተን የትኛው ልጅ በየትኛው ግቢ፣ በየትኛው ሴክሽን፣ በየትኛው መምህር እጅ እንደሚገባ እንደለድላለን። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነኝ፤ ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት አንዱ ማለት ነው። እዚያ የሚሠራውን ወላጆች ቀድመው ቢያውቁት ኖሮ መስከረም ላይ በር ላይ የማየው ለቅሶና ግርግር አብዛኛው ይቀር ነበር። ስለዚህ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ የማይነሣውን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ይህን ልበል፤ ለውጡን ያመጣው የትምህርት ቤታችሁ ርዕሰ መምህር አይደለም። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነበር፤ ከ1 እስከ 4 የመጀመሪያ ሳይክል፣ ከ5 እስከ 8 ሁለተኛ ሳይክል እየተባለ። በ2010 ዓ.ም ለውይይት የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ አከፋፈሉ 6-2-4 እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም ወደ ክፍል ሲገባ 7ኛና 8ኛ ክፍል ከአንደኛ ደረጃ ወጥተው መካከለኛ ደረጃ ሆኑ። ብዙ ቦታ የተቀየረው የበሩ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ስሙ ረዝሞ “ቅድመ አንደኛ፣ አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት” ተባለ፣ ልጆቹ ግን እዚያው ግቢ ናቸው። የእኛ ሰፈር ግን ሁለት ግቢ ተጎራብቶ ስላለው አንዱ ትንንሾቹን፣ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ደግሞ 7ኛና 8ኛን እንዲይዝ ተደረገ። የምነግራችሁ በአብዛኛው ከዚያ ያየሁትን ነው።

አያት ያለበት ቤት እዚህ ላይ እድለኛ ነው። ይህ አከፋፈል ለትልልቆቹ አዲስ አይደለም። በጃንሆይም በደርግም ጊዜ ልጅ 6ኛን ጨርሶ ወደ 7ኛና 8ኛ ይሻገር ነበር፤ 8ኛ ላይ ሚኒስትሪ ተፈትኖ 9ኛ ይገባል። እኛ መምህራን በሰልፍ ሰዓት በድምፅ ማጉያ “አትፍሩ” ብንል ልጅ አይሰማንም። አያቱ ምሳ ላይ “እኔም 6ኛን ጨርሼ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሄድኩት፣ መንገዱማ ከዚህ ይርቅ ነበር” ሲሉት ግን ያምናል። አንድ አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ነሐሴ ላይ ወደ አዲሱ ግቢ መጥተው “እስቲ የውሃ ቧንቧው የት ነው? መጸዳጃ ቤቱስ?” እያሉ አዞሩት። ልጁ መስከረም ላይ ለሌሎቹ አስጎብኚ ሆነ። ግቢው በክረምትም ቢሆን ዘበኛ አለው፤ ለዘበኛው የምዝገባ ወረቀት አሳይታችሁ ልጁን አንድ ዙር አዙሩት። ትልልቅ ሰዎች ክፍሉን ያሳያሉ፤ ልጅ የሚጨነቀው ግን ስለ ክፍሉ አይደለም፤ ሽንት ሲመጣ የት እንደሚሄድ፣ ሲጠማው ከየት እንደሚጠጣ፣ ሲመቱት ለማን እንደሚናገር ነው። የዩኒት ሊደሩ ቢሮ የትኛው በር እንደሆነ አሳዩት፤ ለዚህ ነው የተቀመጥነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ሴክሽን ስንደለድል የምናየው ጾታ፣ ውጤትና ዕድሜ ነው። ጎበዞቹ አንድ ክፍል እንዳይከማቹ እናሰባጥራለን፣ የደገሙትን እንበትናለን፣ አካል ጉዳት ያለባቸውን ደረጃ መውጣት የማያስፈልግበት ክፍል እንመድባለን። ጓደኝነት የሚጻፍበት ረድፍ ግን ሮስተሩ ላይ የለም። ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ሁለት ልጆች፣ አንዷ ኤ ሌላዋ ኢ ሴክሽን ሲደርሳቸው ለእኛ ሁለት ስሞች ናቸው፤ ለልጆቹ ግን ግቢውም ጓደኛውም በአንድ ቀን የጠፋበት መስከረም ነው።

ይህን ማስተካከል በጣም ቀላል ነው፣ ግን ጊዜ አለው። ሰኔ ላይ ካርድ ከሚሰጥበት ቀን አንሥቶ የሴክሽን ዝርዝር እስኪለጠፍ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ኑና “ልጄ ከዚህች ልጅ ጋር ቢሆንልኝ” በሉ። አንድ ጓደኛ ብቻ ጥቀሱ። የሁለቱንም ሙሉ ስም ከነአያት፣ የነበሩበትን ሴክሽን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ በቃል ከነገራችሁን እንረሳለን፣ በቀን ስንት ሰው እንደሚያናግረን ታውቃላችሁ። ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት ከሆነ ያለ ምንም ክርክር ይደረጋል። ከተለጠፈ በኋላ አንዱን ልጅ ማንሣት ሌላውን ማፈናቀል ነው፤ የአንዱ ወላጅ ጥያቄ መሟላቱ ከተሰማ ደግሞ የቀረው ወላጅ በዚያው ቀን ይሰለፋል። ስለዚህ እምቢ እንላለን፣ እምቢታችንም ከክፋት አይደለም።

“ጎበዙ መምህር ጋር አድርጉልኝ” የሚለውን ጥያቄ ግን ተዉት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ መምህሩ ራሱ የት እንደሚመደብ አያውቅም። ትምህርት ቤት ሲከፈል መምህራንም ይከፈላሉ፤ ማን ከታችኛው ግቢ ይቀራል፣ ማን ወደ መካከለኛ ይሻገራል፣ ማን በትርፍነት ወደ ሌላ ወረዳ ይላካል የሚለው ድልድል ብዙ ጊዜ መስከረም ደጃፍ ላይ ደርሶ ነው የሚታወቀው። ሰኔ ላይ የልጃችሁን የክፍል ኃላፊ “በሚቀጥለው ዓመት እዚህ ነህ?” ብላችሁ ስትጠይቁት ዓይኑን ሰበር አድርጎ “እንግዲህ እናያለን” ካለ፣ ንቋችሁ ወይም ደብቋችሁ እንዳይመስላችሁ። እሱም ቤቱን የተከራየው ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ብሎ ነው፤ እሱም ልጆች አሉት። በዚያ ሰሞን መምህር ላይ የሚጮህ ወላጅ የሚጮኸው ከልጁ ባልተናነሰ በጨነቀው ሰው ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ስለ ማህደሩ ነው።

ልጅ ከግቢ ግቢ ሲዛወር አብሮት የሚሄደው አንድ ካርቶን ፋይል ነው። ስንከፍተው የልደት ሰርተፍኬት ኮፒ፣ የክትባት ካርድ ኮፒ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የየዓመቱ ካርድ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ከሆነም መሸኛ እናገኛለን። ከዚህ ልጁ ማን እንደሚባል፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ሒሳብ ስንት እንዳመጣ እናውቃለን። ሰልፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው እንደሚያዞረው አናውቅም። እናቱ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳ አክስቱ ጋር እንደሚኖርና የእናቶች ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከትምህርት ቤት እንደሚቀር አናውቅም። ሲቆጡት ዝም እንደሚል፣ ዝምታውም ንቀት ሳይሆን ድንጋጤ እንደሆነ አናውቅም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የክፍል ኃላፊው ነው፤ እሱ ደግሞ ከልጁ ጋር አይዛወርም።

አንድ ልጅ ላሳያችሁ። በግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። መምህርቷ ይህን 3ኛ ክፍል እያለ ደርሳበት፣ ነገሩን ሳታጋንን ከፊት፣ ቀኝ ጆሮው ወደ ሰሌዳው በሚሆንበት በኩል አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ያስተማሩት ሁሉ ከእሷ እየሰሙ እዚያው አቆዩት። ልጁም የማይሰማ ልጅ መሆኑን እስኪረሳው ድረስ ተማረ። 7ኛ ክፍል ገብቶ ማዶ ሲሻገር በቁመቱ ረዘም ያለ ስለነበረ ከኋላ ተቀመጠ። ጥቅምት ላይ “ትኩረት የለውም” ተባለ፣ ኅዳር ላይ “ሲጠሩት አይመልስም፣ ንቀት አለበት” ተብሎ ወላጅ አምጣ ተባለ። አባቱ መጡ፤ እሳቸውም ከልጁ በላይ ደንግጠው “ልጄ እንዲህ አልነበረም” ከማለት በቀር ምን እንደሚሉ አላወቁም፤ ጆሮው እንደሚያስቸግረው ቤት ውስጥ ማንም ልብ ያለው አልነበረም። ነገሩ የተፈታው ያቺ የ3ኛ ክፍል መምህርት በሌላ ጉዳይ ወደ ማዶ ተሻግራ ልጁን በር ላይ ተቀጥቶ ቆሞ ስታየው ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። በማግስቱ ልጁ ፊት ተቀመጠ።

የእሷ ሁለት ደቂቃ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሆና ለአዲሱ መምህር ብትደርስ ኖሮ ልጁ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሰነፍ እየተባለ ባልኖረ ነበር። እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ሰኔ ላይ ፈተና ካለቀ በኋላ፣ ካርድ ከመሰጠቱ በፊት፣ መምህራን ውጤት እየሞሉ ግቢ ውስጥ የሚቆዩበት ጥቂት ቀን አለ። የክፍል ኃላፊውን አግኙና “መምህር፣ ስለ ልጄ ለሚቀጥለው መምህሩ ግማሽ ገጽ ይጻፉልኝ” በሉት። አልፎ አልፎ የሚደነቅ አለ እንጂ እምቢ ያለ መምህር አላየሁም። የት ቢቀመጥ እንደሚሻለው፣ ምን ሲሆን እንደሚከፋው፣ በምን ነገር ሲያመሰግኑት እንደሚነቃ፣ ማን ጋር እንደሚጣላ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚከታተለው ይጻፍላችሁ። ሕመም ካለ፣ የሚጥል በሽታ፣ አስም፣ ስኳር፣ ይህ በምንም ዓይነት እንዳይታለፍ፤ ሲነሣበት ምን እንደሚደረግም ይጻፍ። ሐምሌ ከገባ አታገኙትም፤ ግማሹ መምህር ለክረምት ትምህርት ኮሌጅ ይሄዳል፣ ግማሹ አገር ቤት ይገባል።

ያንን ወረቀት ማህደሩ ውስጥ ክተቱልን አትበሉ። ማህደሩ ሪከርድ ክፍል ገብቶ ሼልፍ ላይ ይቀመጣል፤ የሚከፈተውም አንድ ነገር ሲጎድል ብቻ ነው። መስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ራሳችሁ ይዛችሁ ለአዲሱ የክፍል ኃላፊ በእጁ ስጡት፤ ኮፒውን ለዩኒት ሊደሩ። ስትሰጡትም ሰልፍ ላይ ወይም ሌላ ወላጅ በሚሰማበት አይሁን።

ሌላው ከስብሰባ አጀንዳ ውስጥ ገብቶ የማያውቀው የታላቅና የታናሽ ጉዳይ ነው። በእኛ ሰፈር እናቶች ማልደው ጉሊት ይወጣሉ ወይም ሰው ቤት ሥራ ይሄዳሉ። ታናሽየውን የሚያመጣው፣ የሚመልሰው፣ ምሳ መብላቱን የሚያየው፣ የሚመታውን የሚቆጣለት ታላቁ ነው። ትምህርት ቤት አንድ ግቢ በነበረ ጊዜ ይህ ሁሉ ማንም ሳያቅደው ይሠራ ነበር። ግቢው ሲከፈል የ7ኛ ክፍሏ ታላቅ ማዶ ቀረች፣ የ2ኛ ክፍሉ ታናሽ እዚህ። የመውጫው ሰዓት የሚለያየው በሃያ ወይም በሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ግን በዚያች ሠላሳ ደቂቃ የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ አስፋልት ዳር ብቻውን ይቆማል። ታላቅየዋም ይህን ስለምታውቅ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኗ በር በሩን ነው። አንዲት ልጅ ሦስት ቀን በተከታታይ ደወል ሳይደወል ሾልካ ወጥታ ተያዘች። ጥፋት ተብሎ ሊመዘገብባት ሲል፣ ለምን እንደምትወጣ ስትጠየቅ፣ “ወንድሜ መንገድ ይሻገራል” አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

መፍትሔው ትምህርት ቤቱ እጅ ላይ አለ፣ ግን ካልጠየቃችሁ አይመጣም። ስትመዘገቡ “ታላቁ ማዶ ነው፣ ታናሹ እስኪመጣለት የት ይቆይ?” ብላችሁ ጠይቁ። እኛ አሁን ትንንሾቹን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እናቆያለን፤ ታላቅ መጥቶ ስም ጠርቶ ይወስዳል። የሚወስደው ልጅ ስም በር ላይ ይመዘገባል፣ ሌላ ሰው ቢመጣ አይሰጥም። ይህን ያስጀመሩት የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባል የሆኑ ሁለት እናቶች ናቸው፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው እሺ እስኪባል አንወጣም ብለው። በእናንተ ትምህርት ቤት ይህ ከሌለ ኅብረቱ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ፈልጉ። ከግለሰብ ይልቅ ኅብረቱ ሲጠይቅ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ነገር ደግሞ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ይጠየቅበታል።

ምገባውን በተመለከተ አጭር ነገር። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ። ምግቡ የሚዘጋጀው በተላከው የተማሪ ቁጥር ልክ ነው፤ ልጅ ሲዛወር ከአንዱ ዝርዝር ወጥቶ ሌላው ላይ እስኪገባ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። መጋቢ እናቶቹ ልጅ ሳይበላ አያሳልፉም፤ ግን አዲስ ልጅ ስሜ የለም ብሎ አፍሮ ከሰልፉ ይቀራል፣ ቤትም ገብቶ አይናገርም። በመጀመሪያው ቀን ልጁን ይዛችሁ ወደ ምገባው አዳራሽ ግቡና አስተዋውቁት።

ከ6ኛ ወደ 7ኛ ለሚሻገር ልጅ ደግሞ ከግቢው የሚከብድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ ሲማር የኖረ ልጅ 7ኛ ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። አካባቢ ሳይንስ ይለው የነበረው ጄኔራል ሳይንስ ሆኖ ይመጣል። ግቢ፣ መምህር፣ ጓደኛ፣ ቋንቋ፣ ሁሉም በአንድ መስከረም። ሰኔ ላይ ክፍልፋይ በቃሉ የሚያሰላ፣ ለጎረቤት ልጅ የሚያስረዳ ልጅ፣ ጥቅምት ላይ ስለ “ፍራክሽን” ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ሒሳቡ አልጠፋበትም፤ የተጠየቀው ነገር ያው የሚያውቀው መሆኑን አላወቀም። መጀመሪያው ፈተና ላይ ከአሥር ሦስት ወይም አራት ይዞ ቤት ሲገባ ብዙ ወላጅ “ጓደኛ አበላሸው፣ ስልክ አበላሸው” ይላል። አንዳንዱ ቀበቶ ያነሣል። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። በዚያ ሰሞን የሚመታ ልጅ እንግሊዝኛውን ከዱላ ጋር አያይዞ ነው የሚጠላው፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ክረምቱን ተጠቀሙበት። የ7ኛ ክፍል መጻሕፍት በቴሌግራም ይዘዋወራሉ፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ በወቅቱ ስላልደረሰ መምህሩም ተማሪውም የሚማረው ከስልክ ነበር፣ ልማዱ እስካሁን አለ። መጽሐፉን አስጠኑት አላልኩም። አንድ ደብተር ግዙለት፣ ገጹን ለሁለት ይክፈለው፤ በአንድ በኩል ከ6ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ የሚያውቀውን በአማርኛ ይጻፍ፣ በሌላው በኩል ከ7ኛው መጽሐፍ የእንግሊዝኛውን ስም ፈልጎ ትይዩ ያስቀምጥ። በቀን አምስት ስድስት ይበቃል። ለዚህ አስጠኚ መቅጠር አያስፈልግም፤ ዘንድሮ 7ኛን የጨረሰ የጎረቤት ልጅ ከማንም አስጠኚ ይሻላል፤ የት ጋ እንደተደናቀፈ ገና አልረሳውም። መስከረም ላይ ደግሞ የሒሳብና የሳይንስ መምህራኑን “ለጥቂት ሳምንት በአማርኛ እያገዛችሁ” ብላችሁ ብትለምኑ አብዛኛው መምህር አስቀድሞ እያደረገው ነው፤ ወላጅ ሲጠይቀው ግን ሳይሳቀቅ ያደርገዋል።

እስካሁን የተናገርኩት ለውጡ ክረምት ላይ ለሚያገኘው ልጅ ነው። በዓመቱ መሐል የሚነሣው ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። በመጋቢት 2016 ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ሁለተኛው ሴሚስተር ተጀምሮ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተነሥቶ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራ ሲሄድ ልጆቹ ገና ደብተራቸውን ሸፍነው ሳይጨርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እንዲህ የሚመጡ ልጆች እንቀበላለን፤ የእኛም ልጆች ወደ ዳር ሰፈሮች ይሄዳሉ። ቤቱን የሚጭነው ወላጅ ስንት ነገር በራሱ ላይ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከሁሉም የሚረሳውን አንድ ወረቀት ብቻ ልንገራችሁ።

መሸኛውን ሁሉም ያወጣል፣ ያለፈው ዓመት ካርድም ይያዛል። የማይያዘው የዘንድሮው የተከታታይ ምዘና ውጤት ነው። ልጁ ከተነሣበት ቀን በፊት የሠራው ፈተና፣ የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ ሁሉ በየመምህሩ ማርክ ሊስት ላይ ነው ያለው፤ ካርድ ላይ የሚወጣው ሴሚስተር ሲያልቅ ነው። እሱን ሳትይዙ ከሄዳችሁ አዲሱ ትምህርት ቤት ልጁን ከየት እንደሚጀምርለት አያውቅም፤ ወይ ያልተማረውን ፈተና በጅምላ ይፈትነዋል፣ ወይ በቀረው ውጤት ብቻ ይደመርለታል። መሸኛ ስታወጡ “እስካሁን ያለው የምዘና ውጤት በየትምህርቱ ተጽፎ ማኅተም ይደረግልኝ” በሉ። የክፍል ኃላፊው ከመምህራኑ ሰብስቦ ለመጻፍ ቢበዛ አንድ ቀን ይፈጅበታል። ተነሥታችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ግን ያንኑ ወረቀት ለማግኘት ከተማውን አቋርጣችሁ መመለስ አለባችሁ፣ መምህሩም የዚያን ቀን ላይኖር ይችላል።

እዚያ ስትደርሱም ከሰፈራችሁ አብረው የተነሡ ልጆች ካሉ አንድ ሴክሽን እንዲሆኑ አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። አራት አምስት ወላጅ በአንድ ላይ ሲመጣ ተቀባዩ ትምህርት ቤትም ሥራው ይቀልለታል። ቡና አብረው የሚጠጡ እናቶች ልጆች፣ ሰፈሩ ቢፈርስም፣ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።

የ6ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ደግሞ ስለ ከተማ አቀፉ ፈተና አንድ ነገር ያዙ። ትልቁ ችግር የሚመጣው ከጥያቄዎቹ ሳይሆን ከስሙ ነው። ልጅ ሲዛወር ስሙ በእጅ ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላ ይገለበጣል። አንዱ ጋ ሳራ፣ ሌላው ጋ ሣራ፤ አንዱ ጋ የአባት ስም ገብረ ማርያም፣ ሌላው ጋ ገ/ማርያም። ውጤት በኢንተርኔት ሲወጣ በመለያ ቁጥርና በስም ነው የሚፈለገው፤ ያልገጠመ ስም ደግሞ ሐምሌ ላይ፣ ሁሉም ልጅ ውጤቱን አይቶ ሲደሰት፣ ያንን ልጅ ብቻውን ያስለቅሰዋል። ለፈተና ሲመዘገብ የሪከርድ ክፍሉን ዝርዝር በዓይናችሁ አይታችሁ ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ለማስተካከል ጊዜ የሚኖረው ያኔ ነው፤ ፈተናው ከተሰጠ በኋላ ደብዳቤው ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ሲመላለስ ክረምቱ ያልቃል።

መቼ መምጣት እንዳለባችሁም ልንገራችሁ። መስከረም ላይ በሩ ላይ ወላጅ ይጎርፋል፤ ያኔ የሚነገረን ሁሉ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ልጁም ገና አዲስ ነገር ላይ ስለሆነ ችግሩ አይታይም። የሚታየው ኅዳር አካባቢ ነው። አዲሱ ነገር አልቆ፣ ጓደኛ ያገኘው አግኝቶ፣ ያላገኘው ብቻውን የቀረበት፣ የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች የታረሙበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ወላጅ አይመጣም፤ ካልተጠራ ምን አደርጋለሁ ይላል። ሳትጠሩ ኑ። ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ሳይሆን ልጆቹ ክፍል ከገቡ በኋላ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ኑ፤ ያኔ ቢሮ ውስጥ ሰው አይበዛም። የክፍል ኃላፊው ትርፍ ክፍለ ጊዜ መቼ እንደሆነ ዩኒት ሊደሩን ጠይቁ፣ ፕሮግራሙ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። “ልጄ እንዴት ነው?” ካላችሁት “ደህና ነው” ይላችኋል፤ በአንድ ክፍል ያለው ልጅ ብዙ ነው። “ዕረፍት ሰዓት ላይ ከማን ጋር ነው የሚቆመው?” ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ በማግስቱ ያያል፤ እናንተም በሳምንቱ ተመልሳችሁ መልሱን ተቀበሉት።